ሃያ ሦስት በአሥራ አምስት

ማቪስ ፕሩት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቂም ይዛ የኖረችው በአንድ ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቱ ላይ ስሟ አለ። ከስሟ ጎን «አለፈች፤ ሃያ ሁለት ሰከንድ» ይላል። ወንድሟ ደልማር መርከብ ውስጥ የሞተ ጊዜ መርማሪዎቹ በሰው ሁሉ ፊት ያንን ወረቀት አንስተው አነበቡት። ቀዳዳው ሰው ያሳልፋል፣ ይኸው የሟቹ እህት ራሷ አልፋበታለች፣ ስለዚህ ጥፋቱ የሟቹ እንጂ የቀዳዳው አይደለም ብለው ነገሩን ዘጉት። የሞተን ሰው መክሰስ ቀላል ነው፤ መልስ አይሰጥም። የደልማር ሚስት ፐርል ከፊት ወንበር ላይ ዘወር ብላ ማቪስን አየቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ በአንድ ቤተ ክርስቲያን እየጸለዩ፣ በአንድ መንገድ እየተመላለሱ፣ ፐርል አንድ ቀን «እንደምን አደርሽ» ብላት አታውቅም።

ማቪስን የሚያንገበግባት ደግሞ ወረቀቱ ውሸት አለመሆኑ ነው። አልፋለች። በሃያ ሁለት ሰከንድ አልፋለች። ፈርሚ ሲሏት ፈርማለች፤ ከፊርማዋ በላይ ያለውን ሁሉ አላነበበችም። ትምህርቷ አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የቆመው። ረጅም ጽሑፍ ሲሰጧት ዓይኗ ይሸሻል፤ ቁጥር ከሆነ ግን በግቢው ውስጥ የሚቀድማት የለም።

ግቢው ማለት በቨርጂኒያ ወንዙ ከባሕር የሚገናኝበት ዳር ላይ ያለው መርከብ መሥሪያ ነው። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እዚያ ይወለዳል። በጎኑ ያለችው የካልቨርት ፖይንት ሰው እንደ አያቱም እንደ አባቱም እዚያው ሠርቶ እዚያው ጀርባው ጎብጦ ነው የወጣው። ማቪስ የምትሠራው ሞዴል ቤት ነበር። ብረት ከመቆረጡ በፊት የመርከቡ ጠባብ ጠባብ ክፍል ሁሉ በእንጨት፣ በእውነተኛ ልኩ ይሠራል። ኮምፔንሳቶው ግድግዳ ይሆናል፤ የካርቶን ጥቅሉ ቧንቧ ይሆናል። ከዚያ መሐንዲሶቹና የባሕር ኃይል ሰዎች መጥተው ይገቡበታል፣ ይጎነበሱበታል፣ ጭንቅላታቸውን ይመቱበታል። «እዚህ ቫልቭ ላይ እጅ አይደርስም» ይላሉ፤ ፕላኑ ይታረማል። እንጨት ላይ የተሳሳተ በመጋዝ ይስተካከላል። ብረት ላይ የተሳሳተ ግን ሃምሳ ዓመት ባሕር ላይ ይኖራል።

የሞዴል ቤት ልማድ አንድ ነው። መውጫና መግቢያ ሲፈተን የሚያልፈው ሞዴሉን የሠራው ሰው ነው። ከሠሪዎቹ ደግሞ ቀጭኗ ማቪስ ነበረች፤ ጠባብ ጠባቡን ሥራ ለእሷ ይሰጧታል፣ ከዚያ የሠራችውን እሷው ታልፈዋለች። ወንዶቹ «ድመቷ» ይሏታል። «ማቪስ እኮ በቁልፍ ቀዳዳ ገብታ ቡና አፍልታ ትወጣለች» እያሉ ይስቃሉ። እሷም ትስቅ ነበር፣ ያኔ።

በመጀመሪያው ፕላን ላይ ያ ቀዳዳ ሠላሳ ኢንች በሃያ ሁለት ነበር። ቦታው በመርከቡ ሆድ ውስጥ ነው፣ ከአውሮፕላን ነዳጅ ማጠራቀሚያው ጎን፤ ምንም የማይቀመጥበት፣ ቶርፔዶ የሚሉት የባሕር ቦምብ ቢመታ ምቱን እንዲውጥ ተብሎ ባዶ የሚተው ክፍል። ሚስተር ሃልስቴድ የተባለው መሐንዲስ ግድግዳው እንዳይላላ ብሎ ቀዳዳውን ሃያ ሦስት በአሥራ አምስት አደረገው። ማቪስ በዚያው ልክ ቆረጠችው። የአየር ሲሊንደር ጀርባዋ ላይ አስረው ጭንብል አጠለቁላትና አለፈች።

ደልማር ቧንቧ ገጣሚ ነበር። ደረቱ ሰፊ፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ። መርከቧ ውሃ ላይ ከወረደች በኋላ ወራት ተዘግቶ የቆየውን ያንን ክፍል የሚያንጠባጥብ ቧንቧ እንዳለ እይ ብለው ላኩት። አየሩን በር ላይ ለካ፤ ደህና ነው አለው መለኪያው። ዝግ ክፍል ውስጥ ዝገት አየሩን ይበላዋል፤ ከታች ያለው አየር ደግሞ በር ላይ ካለው ጋር አንድ አይደለም። ደልማር ገብቶ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ወደቀ። የግቢው እሳት አደጋዎች በአራት ደቂቃ ደረሱ። አራት ደቂቃ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሲሊንደር የተሸከመ ጎልማሳ ወንድ በዚያ ቀዳዳ አያልፍም። ሮስኮ ቴት የሚባለው እሳት አደጋ እጁን ሰድዶ የደልማርን ኮሌታ ያዘ፤ መጎተት ግን አልቻለም፣ ሲሊንደሩ ከብረቱ ጋር ተቀርቅሮ። ሲሊንደሩን አውልቀው ከፊት እየገፉ ለመግባት ሲሞክሩ ከቀዳዳው በስተ ውስጥ ያለው ቧንቧ ከለከላቸው። ደልማርን ያወጡት በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ ነው።

እንግዲህ በአሥራ አንደኛው ዓመት በዚያው ፕላን የሁለተኛዋ መርከብ ሥራ ተጀመረ። በሰኔ ወር የዚያ ክፍል ፕላን ማቪስ ጠረጴዛ ላይ መጣ። ፓምፑ ስለተቀየረ ሞዴሉ እንደ አዲስ ይሠራ ተብሏል። ማቪስ ወረቀቱን ዘረጋችው፤ ጣቷ ፊደሉን ትቶ በቀጥታ ወደ ቁጥሩ ሄደ። ሃያ ሦስት በአሥራ አምስት።

የሞዴል ቤቱን ፎርማን ቡፎርድ ያንሲን ምሳውን ሲበላ አገኘችው። ከእንጨት ክምሩ ላይ ተቀምጦ የአሳማ ሥጋ የተሰገሰገበት ዳቦውን ይገምጣል።

«ቡፎርድ፣ ይቺን ቁጥር ተመልከት።»

«ማቪስ፣ በፈጠረሽ አምላክ እየበላሁ ነው።»

«ብላ፤ በዓይንህ አትበላ። ተመልከት።»

ተመለከተ። ዳቦውን አስቀመጠ።

«ያው ነው» አለ።

«ያው ነው።»

«እንግዲህ እኔ ምን ላድርግ? ፕላን አውጪ ነኝ? ጡረታዬ ስምንት ወር ነው የቀረው። ጉልበቴ እንደሆነ ሄዷል፣ ሚስቴ አንድ ጆሮዋ አይሰማም፣ እኔ ጀልባዬን ይዤ ሸርጣን ማጥመድ ነው የምፈልገው።»

«ሸርጣኑ ይጠብቅሃል። አንተ ካልነገርካቸው እኔ ወደ ላይ እወጣለሁ።»

«ሂጂ። እኔ ግን አልላክሁሽም። ሲጠይቁሽ ቡፎርድ ተኝቶ ነበር በያቸው። ለነገሩ ያምኑሻል።»

ወጣች። የፕላን ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሰዎቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው እጅጌያቸውን ጠቅልለው በትልልቅ ጠረጴዛ ላይ ይጎነበሳሉ። ሚስተር ሃልስቴድ ፀጉሩ ሸብቷል። ክፉ ሰው አይደለም፤ ማቪስም ክፉ ነው ብላ አታውቅም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር።

«ሚስ ማቪስ፣ ቁጭ በይ እስቲ።»

«ቆሜ ይሻለኛል። ያቺ ቀዳዳ ናት ያመጣችኝ። ሰባት ኢንች ይጨምሩላት፤ መጀመሪያ እንደነበረችው።»

ሃልስቴድ መነጽሩን አወለቀ። «ልንገርሽ። እዚያ ግድግዳ ላይ ያለ እያንዳንዱ ቀዳዳ ድካም ነው። ቶርፔዶ የመታ ቀን አምስት ሺህ ሰው ከነሕይወቱ የሚንሳፈፈው ያ ግድግዳ ስለያዘ ነው። ቀዳዳውን ባሰፋው ዙሪያውን ማወፈር አለብኝ፤ ይህ ዓይነት ቀዳዳ ደግሞ አንድ አይደለም፣ መቶ አርባ ነው። ያ ሁሉ ብረት ከመርከቡ ሆድ ላይ ሲጨመር ከላይ ከአውሮፕላኑና ከነዳጁ ይቀነሳል። የሚያዘውም የባሕር ኃይሉ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም።»

«አምስት ሺውን ሰምቻለሁ። እኔ የማወራው ስለ አንዱ ነው።»

«ማቪስ...» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ወንድምሽ አሳዝኖኛል። ዛሬም ያሳዝነኛል። ነገር ግን አንቺ ራስሽ በሃያ ሁለት ሰከንድ አልፈሻል እኮ።»

«አልፌያለሁ። ጤነኛ ሆኜ፣ በእግሬ ሄጄ፣ ራሴን ነው ያሳለፍኩት። የወደቀውን ገብቶ የሚያወጣውስ? እሱን ማን ለካው?»

«ፈተናው እንደዚያ አይልም። አንድ ሰው፣ ሲሊንደር ጀርባው ላይ አድርጎ፣ በሠላሳ ሰከንድ ገብቶ መውጣት። ነው የሚለው።»

«ማን ጻፈው?»

«እኛ ነን የጻፍነው።»

«እንግዲያው ያጥፉትና ይጻፉት።»

ሃልስቴድ በደግነት፣ እውነትም በደግነት፣ «ካስጨነቀሽ ሌላ ሰው እንዲያልፍልሽ አደርጋለሁ። ከፕላን ሥዕል ክፍል አንዲት ቀጭን ልጅ አለች» አላት።

ቀጭን ልጅ። አሁንም ቀጭን ነው የሚፈልጉት። ይቺም ልጅ ትፈርማለች፣ ነገ የአንድ ሰው ሚስት ዘወር ብላ ታያታለች።

«ማንንም አይጥሩ» አለች። «የሠራሁት እኔ ነኝ፤ የማልፈውም እኔው ነኝ።»

ሦስት ሳምንት ሠራች። እንደዚያ ሞዴል አሳምራ የሠራችው የለም። ኮምፔንሳቶውን ድርብ አደረገችው፣ በምስማር ሳይሆን በብሎን አሰረችው። ቡፎርድ መጥቶ ጫፉን እየነካካ «ይሄ ለፈተና ነው ወይስ አንቺ ልትኖሪበት ነው?» አላት። «ብረት እንዲመስል ነው» አለችው። እሱም ሄደ።

የፈተናው ቀን የሐምሌ ሙቀት ነበር፤ ከወንዙ የሚመጣው አየር እንኳ እንደ ሾርባ ይወፍራል። ጠዋት ሲሊንደሮቹን ይዞ የመጣው ሮስኮ ቴት ነበር። ማቪስ ሌላ ሰው ይመጣል ብላ ነበር የጠበቀችው።

«ሮስኮ፣ ተረኛው አንተ ነህ እንዴ?»

«ተረኛው ትናንት ወገቡ ተያዘ። ምነው፣ አስጠላሁሽ?» አላት። ሮስኮ በር የሚያህል ሰው ነው፤ ድምፁ ግን ለስላሳ። ማሰሪያውን ትከሻዋ ላይ እያጠበቀ፣ «አንቺ ትንሿ፣ ዛሬም ሥጋ የሚባል አላወጣሽም። ምን ይመግቡሻል?» አላት።

«ንዴት።»

«እሱስ ያወፍር ነበር።» ሳቀ። ከዚያ ሞዴሉን፣ ቀዳዳውን አየ፤ ሳቁ ቆመ። ማሰሪያውን ፈትቶ እንደገና አሰረው።

ማቪስ ልትነግረው አፏን ከፍታ ነበር። ሮስኮ ግን ፊቱ ውሸት የማይችል ሰው ነው፤ ካወቀ ሁሉም ያውቃል። አፏን ዘጋች። ይህ ኃጢአት የእሷ ነው፤ እያወቀች ነው የያዘችው።

በአራት ሰዓት ገደማ መጡ። ከባሕር ኃይሉ ኮማንደር ሊንድክዊስት የሚባል ረጅም መኮንን ነበር፤ ለዚህ መርከብ አዲስ የተመደበ። ሃልስቴድ የሰከንድ ሰዓቱን ይዟል። ቡፎርድ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ደንቡ ግልጽ ነው። ፈታኙ ገብቶ የውስጠኛውን ግድግዳ ሦስቴ ያንኳኳል፤ ከዚያ ይመለሳል።

«ጀምሪ» አለ ሃልስቴድ።

ማቪስ ገባች። ራሷ፣ ትከሻዋ፣ ሲሊንደሩ ጠርዙን ፋቅ አድርጎ፣ ወገቧ፣ እግሯ። ውስጡ ጨለማ ነው፣ ሙጫና ሰጋቱራ ይሸታል። ሄዳ ሦስቴ አንኳኳች። «ዘጠኝ ሰከንድ!» ሲል ሰማች። «ድመቷ አላረጀችም!» አለ ከሰዎቹ አንዱ።

ሁለት እርምጃ ተመለሰች። ከዚያ ደልማር በወደቀበት ቦታ፣ ደልማር በወደቀበት አኳኋን፣ በግንባሯ ተኛች።

«አሥራ ሰባት። ሃያ። ሃያ አምስት...»

«እንቅልፍ ወሰዳት እንዴ?» ሳቅ።

«ሠላሳ። ሚስ ማቪስ፣ ሠላሳ አለፈ።»

ፊቷን ከወለሉ አላነሳችም።

«ማቪስ!» የቡፎርድ ድምፅ ነው። «ነይ ውጪ፣ ቀልድሽን ተይ! እንግዶች ቆመዋል!»

«ምን ሆነች?» አለ ኮማንደሩ።

«ሙቀቱ ነው። ራሷን ስታ ይሆናል። ማቪስ! ኧረ ሴትዮ!»

የሮስኮን እግር ሰማች። ከሁሉም ቀድሞ የሮጠው እሱ ነው፤ ሲሮጥም ጭንብሉን እያጠለቀ። የሠላሳ ዓመት ልማዱ ነው፤ የእንጨት ሞዴልም ቢሆን ሰው ከወደቀበት ክፍል ያለ አየር አይገባም። ጭንቅላቱና አንድ እጁ ገቡ። ከዚያ ሲሊንደሩ «ጓ» አለ። ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ጎኑን አዙሮ ሞከረ፣ «ጓ» አለ። እስትንፋሱ በጭንብሉ ውስጥ ሲያፏጭ ይሰማታል። ጣቶቹ ወለሉን እየዳሰሱ መጥተው ኮሌታዋን ያዙ።

ጎተተ። ንቅንቅ አላለችም። የተቀረቀረ ሰው ጉልበት የለውም።

«ይዤሃለሁ» አለ ሮስኮ በጭንብሉ ውስጥ። «ይዤሃለሁ፣ ወንድሜ። አይዞህ። ይዤሃለሁ።»

ማቪስ ምላሷን ነከሰች። ደም ደም አላት። «ተው፣ ደህና ነኝ» ብትለው አንድ ቃል ነው። አንድ ቃል ብቻ። አላለችውም።

«ሲሊንደሩን አውልቀህ ግባ!» ብሎ ጮኸ ሃልስቴድ ከውጭ።

«ሳላወልቅ ነው የምገባው! ካወለቅኩ ሁለት ሬሳ ነው!» ብሎ ሮስኮ መልሶ ጮኸ። የት እንዳለ እንኳ የሚያውቅ አይመስልም ነበር።

«መጋዝ!» አለ ቡፎርድ። «መጋዝ አምጡ፣ ምን ትመለከታላችሁ!»

ድርብ ኮምፔንሳቶ ነው፣ በብሎን የታሰረ። ቶሎ አልተቆረጠም። ሮስኮን በእግሩ ጎትተው አወጡት፤ ኮሌታዋን በግድ ነው የለቀቀው። መጋዙ ጮኸ፣ ሰጋቱራው ፀጉሯ ላይ ዘነበ፤ ጎኑ ተነቅሎ ብርሃን ገባ። ቡፎርድ በጉልበቱ ተንበርክኮ ገለበጣትና ጭንብሏን ገፈፈ። ፊቱ እንደ ሊጥ ነጥቷል።

ማቪስ ዓይኗን ገለጠች።

«ስንት ደቂቃ ሆነ?» አለች።

ሃልስቴድ የሰከንድ ሰዓቱ እጁ ላይ ነው፤ ማቆም ረስቶት እየቆጠረ ነው። ኮማንደሩ አንገቱን ሰግጎ አየ።

«ስምንት ደቂቃ ተኩል» አለ።

«በመጋዝ ነው ስምንት ተኩል። ብረት ቢሆንስ?»

ቡፎርድ ተነሳ። «አንቺ ሴትዮ... ደህና ነሽ? ሆን ብለሽ ነው?» ድምፁ ተቆራረጠ። «እግዚአብሔር ይይልሽ! ልቤ ሊቆም ነበር!»

«ይህ ማታለል ነው» አለ ሃልስቴድ። «ፈተናው ይህ አይደለም። ኮማንደር፣ ይህ አይቆጠርም። ሴትዮዋ በቀላሉ ማለፍ ትችላለች፣ በዘጠኝ ሰከንድ ገብታለች።»

«እንደምችልማ አውቃለሁ» አለች ማቪስ ከወለሉ ላይ። «ያኔ ደልማርን በእኔ ለካችሁት። ዛሬ እኔን በደልማር ለኩኝ።»

«ደልማር ማነው?» አለ ኮማንደሩ።

ሮስኮ በርሜል ላይ ተቀምጧል፤ ጭንብሉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ትልቁ እጁ ጭኑ ላይ አሁንም እንደ ጨበጠ። የመለሰው እሱ ነው።

«ወንድሟ ነው። ከዚህ በፊት በነበረችው መርከብ፣ በዚሁ ቀዳዳ። በእጄ ይዤው ነበር።»

ከዚያ ተነስቶ ወጣ። በማቪስ አጠገብ ሲያልፍ አላያትም። ሲሊንደሩን እንኳ ሳያወልቅ በግቢው ፀሐይ ውስጥ ሲሄድ በበሩ ታየ።

ኮማንደሩ ለረጅም ጊዜ የተቆረጠውን እንጨት ተመለከተ። «ከድሮው የፈተና መዝገብ ላይ ይህን አላነበብኩም» አለ።

«ያነበቡት የእኔን ስም ነው» አለች ማቪስ። «የፈተናውን ቅጽ ያውጡት።»

«መጀመሪያ ተነሺ፣ ውሃ ጠጪ» አላት።

«አልነሳም። እስኪጻፍ እዚሁ ነኝ።»

«ማቪስ፣ ነገ ሥራ የለሽም» አለ ቡፎርድ በሹክሹክታ። «እወቂው ብዬ ነው።»

«ለሬሳ ሥራ ምን ያደርግለታል? ተወኝ ቡፎርድ፣ ወለሉ ቀዝቃዛ ነው፣ ተመችቶኛል።»

ሃልስቴድ ቅጹን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ያዘ። «እኔ በዚህ ላይ አልፈርምም» አለ። ኮማንደሩ እጁን ዘረጋ። ሁለቱ ተያዩ። ሃልስቴድ ወረቀቱን ሰጠው፤ መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ደጋግሞ ይጠርግ ጀመር። ያ ቅጽ «አለፈ» ካላለ ብረቱ አይቆረጥም፤ ይህንን ሁለቱም ያውቃሉ። ቀዳዳው ይሰፋል ማለት ግን አይደለም። ስብሰባ ይሆናል፣ ደብዳቤ ይጻጻፋል፣ ምናልባት ከሥዕል ክፍል ቀጭኗን ልጅ ይጠሯት ይሆናል። ይህንንም ማቪስ አላጣችውም።

ኮማንደሩ ሰጋቱራው ላይ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ጻፈ። ሊያሳያት ወረቀቱን አዞረላት።

«ያንብቡልኝ» አለች። «ቀስ ብለው፤ ሁሉንም።»

«የወደቀ ሰው ማውጣት አልተቻለም። ሲሊንደር የተሸከመ አውጪ በቀዳዳው አያልፍም። ስምንት ደቂቃ ከሠላሳ ሰከንድ፤ ሞዴሉ በመጋዝ ተቆርጦ። አላለፈም።»

«የወደቀውስ ማን ነው ይላል?»

«ማቪስ ፕሩት።»

«ይጥፋ። ደልማር ፕሩት ይበሉ።»

«እንደዚያ ማለት አልችልም፣ ሚስ ፕሩት።»

አሰበችበት።

«እንግዲያው ከስሜ ቀጥሎ የደልማር እህት ብለው ይጨምሩ» አለች።

ጨመረው። አነበበላት። ብዕሩን ተቀብላ በጀርባዋ እንደተኛች፣ ወረቀቱን ከተቆረጠው ኮምፔንሳቶ ላይ አስደግፋ፣ ፊደል በፊደል ፈረመች፤ ከዚያ ተነሳች።